ድስት ውስጥ የገባው ንጉሥ

ይህን የምጽፈው ጓደኞቼ ቀድመውኝ እያጋነኑ ስላወሩት ነው። ማጋነን ካልቀረ እኔው ላጋንነው።

ጣሊያን አገር ቶሪኖ ከተማ የምትኖረው ጓደኛችን ታችኛው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሏት። ሲኞራ እንላቸዋለን። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዕቃ እየገዛች ታደርስላቸዋለች። አንድ ቀን "ከባለቤቴ የቀረች ናት፤ እኔን ሐኪም ከልክሎኛል" ብለው አቧራ የጠጣ ጠርሙስ ሰጧት። ባሮሎ የሚባል ቀይ ወይን፣ 1996።

ፎቶውን ግሩፓችን ላይ ስትለጥፈው አንዱ "ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ!" ብሎ ጻፈ። ቆይቶ ነው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ትዝ ያለው። ለካ ገና እናቱ ጀርባ ላይ ነበር።

ከመካከላችን ወይን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ሊቁ እንለዋለን። ስሙን ያወጣንለት ለሹፈት ነበር፣ እሱ ግን ከልቡ ተቀበለው። ፎቶውን እንዳየ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"እንዳትነኩት! አቁሙት!"

አተላው ወደ ታች እንዲወርድ ጠርሙሱ ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት አለ። ጓደኛችን ኩሽና ጥግ አቆመችው። ሁለት ቀን ሙሉ በአጠገቡ ስናልፍ ሕፃን የተኛ ይመስል በጣታችን ቆመን ነበር።

ቅዳሜ ስድስት ሆነን ተሰበሰብን። ሊቁ ትምህርቱን ጀመረ። ባሮሎ የሚሠራው ኔቢዮሎ ከሚባል የወይን ፍሬ ብቻ ነው፤ እሱም ፒዬሞንቴ በሚባለው የጣሊያን ክልል ውስጥ፣ ላንጌ ኮረብታዎች ላይ የሚበቅለው። ለገበያ ለመውጣት ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፣ ከዚህ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል።

"እኔ አንድ ሥራ ላይ 38 ወር ቆይቼ አላውቅም" አለ የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ።

ሊቁ አልሳቀም። "የወይን ንጉሥ፣ የነገሥታት ወይን ነው የሚባለው" ብሎ ቡሹን መፍታት ጀመረ። ቡሹ ግን ንጉሡን መጠበቅ የሰለቸው ዘበኛ ነበር። ግማሹ መጣ፣ ግማሹ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ሊቁ ላብ በላብ ሆኖ የቀረውን በቢላ ጫፍ ለቀመው። ከዚያ ሻማ አብርቶ፣ የጠርሙሱን አንገት በብርሃኑ ላይ ይዞ፣ ወይኑን ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ ጆግ ገለበጠ። አተላው አንገቱ ጋ ብቅ ሲል አቆመ። የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ያለን መስሎኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ። ጓደኛችን ብራዛቶ እየሠራች ነበር። የበሬ ሥጋ ከካሮት፣ ከሽንኩርት፣ ከሴለሪ፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ቀይ ወይን ውስጥ ያድርና በቀስታ ለሰዓታት ይበስላል። ሙሉ ስሙ ብራዛቶ አል ባሮሎ ነው። እሷ ግን "ባሮሎ ድስት ውስጥ የሚጨምር ያበደ ነው" ብላ ባርቤራ በሚባል ርካሽ ቀይ ወይን ነበር የምትሠራው። የተረፈውን ባርቤራ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጆግ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቤቱ ውስጥ ያሉት ጆጎች ሁለት ናቸው። መንታ ናቸው።

ሁሉም በረንዳ ወጡ። እኔ ድስት ጠባቂ ተደረግኩ። ጥቂት ቆይታ ከውጭ ጮኸች፦

"እንዳያርብኝ! ያን ወይን ጨምርበት፣ ሙሉውን!"

"እሺ!" አልኩ። "የትኛውን?" ብዬ ብጠይቅ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ሁለቱን ጆጎች አየሁ። አንደኛው ጥቁር ሐምራዊ፣ ከባድ፣ ግርማ ሞገስ ያለው። ሌላው የሸክላ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ ወደ ብርቱካን ያደላ፣ ውሃ የበዛበት ሻይ የመሰለ። አሰብኩ። አሮጌ ነገር ይጠቁራል። ድስት ይጠቁራል፣ ግድግዳ ይጠቁራል፣ እኔ ራሴ ከዓመት ዓመት እየጠቆርኩ ነው። ስለዚህ ንጉሡ ጥቁሩ ነው። ሻይ የመሰለውን አንስቼ ቸለስኩት። ቸስ አለ። እንዲያውም "ይሄ ውሃ ምን ጣዕም ይሰጣል" ብዬ ትንሽ ጨው ጣል አደረግኩ።

ከዚያ ጥቁሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ታቦት እንደሚሸኝ ሰው እየተራመድኩ ገበታው ላይ አስቀመጥኩ።

ሊቁ ቀዳ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሳ። ዝም አለ። አሸተተ። እንደገና አሸተተ።

"የሚገርም ነው" አለ። "ዕድሜ አልነካውም።"

ሁላችንም አልነካውም፣ አልነካውም አልን። እኔ ግን ዝም ብል ምን ነበረበት?

"ቀለሙን እዩት! እንዴት ጠቁሯል! ዕድሜ ነው እኮ!"

ሊቁ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ቀይ ወይን ሲያረጅ አይጠቁርም" አለ። "ይገረጣል። ቀለሙ ነው አተላ ሆኖ የሚወርደው። የሚጠቁረው ነጩ ነው።"

ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ።

"የሚገረጣው... ምን ያህል ነው የሚገረጣው?" አልኩ። "ለምሳሌ እንደ... ሻይ?"

ማንም አልመለሰልኝም። ስድስታችንም ወደ ኩሽናው ዞርን። ድስቱ ጡፍ ጡፍ እያለ ነበር። ጓደኛችን ሄዳ ክዳኑን አነሳች፣ አሸተተች፣ መልሳ ከደነችውና ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከጀርባዋ አይታወቅም።

"አተላው!" አለ ሊቁ በድንገት። ጠርሙሱ አልተጣለም ነበር።

የሻይ ማጥለያ ተፈለገ። ለስድስት ሰው በኤስፕሬሶ ስኒ ተቀዳ፤ የደረሰን የሳል ሽሮፕ ልክ ነው። ሊቁ የባሮሎ ሽታ ጽጌረዳና ሬንጅ ነው ሲል፣ ሬንጅ የሚሸት መጠጥ ማን ጤነኛ ይገዛል ብዬ ስቄበት ነበር። ስኒውን አፍንጫዬ ሥር ሳደርገው ግን በእርግጥ የደረቀ ጽጌረዳ ነበር፣ ከኋላው አዲስ የተነጠፈ መንገድ፣ ከዚያ የቆየ የቆዳ ቦርሳ። ስቀምሰው ድዴን እንደ ወፍራም ሻይ ጭምድድ አድርጎ ያዘና ለቀቀ። አፌ ውስጥ ትንሽ አሸዋ ቀረ። ያም ቢሆን ላስኩት። ሁላችንም ጣታችንን ስኒ ውስጥ እየነከርን ስንልስ ሰው አላየንም እንጂ ጉድ ነበር።

ብራዛቶው ቀረበ። ቢያንስ ስሙን አግኝቷል። ሥጋው ገና ማንኪያ ሲያይ ይበታተናል። ሊቁ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሦስት ጊዜ አስጨመረ፣ ሳህኑንም በዳቦ ጠረገው። "ትንሽ ጨው በዝቷል" ብቻ አለ።

በነጋታው ጓደኛችን ደረጃው ላይ ከሲኞራ ጋር ተገናኘች።

"እንዴት ነበር ልጄ? ዕድሜው አላበላሸውም?"

"ኧረ ሲኞራ" አለቻቸው፣ "በጣም ለስልሶልዎታል። ቢላዋም አላስፈለገው።"

ሲኞራ ራሳቸውን ነቀነቁ። "96 እንደዚያ ነው" አሉ።