ታኅሣሥ 27 የልጄ ናት

ልጄ የተወለደችው ታኅሣሥ 27 ነው። ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የምታድገው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ እናቴ ጋ ነው። እኔ ቤሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴን "እማዬ"፣ እኔን "እማ" ትለናለች።

አምና ልደቷን አላከበርንላትም። መስከረም ላይ ቤሩት ቦምብ ሲወርድባት አሠሪዎቼ ቤቱን ዘግተው ሄዱ። እኔም ለወራት ሥራ ፈታሁ። የምልከው ብር አልነበረኝም። እናቴ "ከገናው ጋር ይደረብ" አለች፤ ተደረበ። ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ተጠጣ፣ እንግዳው ሄደ። ማታ በኢሞ ስደውል ልጄ "እማ፣ የኔ ልደት መቼ ነው?" አለችኝ። ዛሬ ነበር ማለት አቃተኝ። ያቺ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ዘንድሮ 7 ዓመት ሊሞላት ነው። ለዚህ ብዬ ከጥቅምት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ አስቀመጥኩ። እናቴ ግን በጄ አላለችም። ቀኑ ሰኞ ዋለ። ሰኞ ደግሞ የደሴ የገበያ ቀን ነው፤ ያውም የገና ገበያ። ዶሮ መግዛት አለ፣ ሽንኩርት መላጥ አለ። "በዚህ ሁሉ ወከባ ላይ የልጆች ጋጋታ እንዴት እችላለሁ?" አለችኝ። ቀጥላ መልስ የማላገኝለትን ነገር አመጣች። "ቅዱስ ላሊበላ እንኳ ልደቱ ከጌታ ልደት ጋር ታኅሣሥ 29 ነው የሚከበረው። ያንቺ ልጅ ቢደረብላት ምን ትሆናለች?"

ወሎ ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም። በዚያ ሰሞን በደሴ በኩል ወደ ላሊበላ የሚጎርፈውን ምእመን እያየሁ ነው ያደግሁት። ዝም አልኩ።

ሌሊት ተኝቼ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር መጣልኝ። ከልጄ ጓደኞች ግማሾቹ ሙስሊሞች ናቸው። ገና ላይ ካደረግነው ማዕዱ ዶሮ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ደግሞ እነሱ አይበሉም። እርግጥ እናቴ እንደ አገሩ ወግ ለነሱ ለብቻ ታሳርዳለች። ግን ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ ይሆናል። ታኅሣሥ 27 ከሆነ ግን ጾም ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ፈንዲሻው የሁሉም ነው። ልጆቹ አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ። ጠዋት ይሄንን ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና "እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። አለቀ።

የቀረው ኬኩ ነው። ለልጆች ጾም የለም ብዬ ክሬም ያለው ላዝዝ ነበር። ልጄ ሰምታ ስልኩን ከእናቴ እጅ ቀማች። "ሰባት ዓመት ከሞላኝ እጾማለሁ! እማዬ ብላኛለች።" እንደሱ ኮራ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። በቃ፣ የጾም ኬክ ታዘዘ። ቅዳሜ ኬክ ቤቱ ደወለ፤ የበዓል ትዕዛዝ ስለበዛብን አንደርስም አሉ። እኔ በስልክ ላለቅስ ስል የግድግዳ ጎረቤታችን ድምፅ ከጓዳ ተሰማኝ። "ዳቦውን ለኔ ተዉት። እኔ እንደናንተ በዓል የለብኝ፣ እጄ ባዶ ነው።" እሷ ሙስሊም ናት። እናቴ ገበያ ስትውል እሷ ድፎውን በኮባ ጠቅልላ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ጋገረችው።

ሰኞ በደሴ 10 ሰዓት፣ በቤሩት 9 ሰዓት ነበር። ማዳሜን ቀድሜ አስፈቅጄ ወጥ ቤት በር ዘግቼ ቆምኩ። እናቴ ስልኩን ስኳር ጣሳው ላይ አስደግፋዋለች። ድፎው ከነኮባው መሶብ ላይ ተቀምጧል። ቅርፊቱ ጠንክሮ ሻማው አልቆም አለ። ጎረቤታችን በቢላ ጫፍ ሰባት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጋ ሰባቱን ሻማ ተከለችው። ልጆቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑ። ከዚያ ጎረቤታችን እጇን ዘርግታ መረቀች። "እደጊ፣ ተመንደጊ። እናትሽን በሰላም ያምጣልሽ።" ልጆቹ ሁሉ "አሚን!" ብለው ጮኹ። እኔም ከወጥ ቤቱ "አሚን" አልኩ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቆረጠ። ዳቦው ሲቆረስ አላየሁም።

የገና ዕለት ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ደወልኩ። ከኋላ ሰው ይንጫጫል፣ ጭሱ ይታያል። "እንኳን አደረሰሽ የኔ ሸጋ፣ ዛሬ ልደት ነው አይደል?" አልኳት።

"ዛሬ የጌታ ነው" አለችኝ። "የኔ ሰኞ ነበር።"

ስልኩን ለእናቴ ሰጥታ ወደ ዶሮዋ ሮጠች።