ደሴት ነው ተብዬ

ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር እያለው ነው። ስለ ሰላም ውይይቱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ደሴ አዳራሽ ውስጥ ተጎልተን ዋልን፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ "ለመዝናናት ደሴት እንወስዳችኋለን" ተብለን ወደ ሐይቅ ሄድን።

አዳራሹን መቼም ታውቁታላችሁ። የፕላስቲክ ወንበር፣ የተሸበሸበ ባነር፣ በተነካ ቁጥር የሚጮህ ማይክ። አወያይዋ ባለቀለም ወረቀት አደለችንና "ሰላም ለእኔ ምንድን ነው?" የሚለውን በአንድ ቃል ጻፉ አለችን። እኔ "መደማመጥ" ብዬ ጻፍኩ። ቢጫ ወረቀት ላይ፣ በወፍራም ማርከር፣ አሳምሬ። ግድግዳው ላይ ሲለጣጠፍ ቆጠርኩት፣ ስምንት "መደማመጥ" አለ። ከስምንታችን ስንቶቻችን ስልኩን የማናነሳለት ሰው ይኖረን ይሆን ብዬ አሰብኩና ወዲያው ሐሳቤን ወደ ሌላ አዞርኩት።

ከወረባቦ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የአበጋር ዘር ናቸው። ለማታውቁት፣ አበጋር እኛ ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡትን ሳይቀር የሚያስታርቅ ሰው ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነገር ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል። ሁለቱን ቀን የተናገሩት ቢደመር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። እኛ ግን፣ ኧረ ስናወራ!

እረፍት ላይ ቡናው በቴርሞስ መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት እማማ የወረቀት ኩባያውን ገልበጥ ቀና አድርገው አዩትና "በዚህ ነው የምንታረቀው?" አሉ። ሳቅን። ሽማግሌው አልሳቁም። ቀስ ብለው "እኔ በረካን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው አልወድም" አሉ፣ በቃ ይኼን ብቻ።

እኔ እዚያው ላይ ጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም። ረከቦቷ ትዝ አለችኝ።

ስለ ረከቦቷ ልንገራችሁ። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱን ያለ ጭቅጭቅ ተካፈልን፣ ቦታውንም እንደዚያው። ረከቦቷ ላይ ስንደርስ ተበጣጠስን። አንድ እግሯ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረች፣ የሲኒ ክብ ክብ የታተመባት አሮጌ እንጨት እኮ ናት። ታላቄ "ያስታመምኳት እኔ ነኝ" አለች። እኔ "በአፏ ለእኔ ሰጥታኛለች" አልኩ። ቡናው ላይ ነበርን፣ ቶና ላይ ደርሰናል። ታላቄ ሲኒዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ በዚያው ወጣች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ረከቦቷ እኔ ቤት ናት፣ አንድም ቀን ቡና አላፈላሁባትም።

እና ሐይቅ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታንኳ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ልነሳ ሻሽ ሁሉ መርጬ ነበር። መኪናው ሄዶ ሄዶ በደረቅ መሬት አደረሰን። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፣ ውሃው እየሸሸ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ገጥሟል። በዚያ ላይ ገዳሙ ሴት አያስገባም። የወሎ ልጅ ሆኜ ይኼን መርሳቴ! ወንዶቹ ገቡ፣ እኛ ከነሻሻችን ውሃው ዳር ቀረን። ሲመለሱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ስላስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለተማሩበት፣ ስለ ብራናው ወንጌል ተሽቀዳድመው ነገሩን። ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፣ አልደብቅም።

ዳር ተቀምጬ ግን ያንን መሬት ሳይ የሆነ ሐሳብ መጣልኝ። ማንም ድልድይ አልሠራም፣ ውሃው ራሱ ቀስ እያለ ሸሸ፣ ደሴቱ ተገናኘ። እኔና ታላቄም ዝም ብንል፣ ጊዜው እንዲሁ ቢያገናኘንስ? አይ ጥልቀት! እማማ ምን እንደማስብ ጠየቁኝ፣ ስለ ውሃው ብቻ ነገርኳቸው። "ውሃው ሲጎድል ምኑ ጥሩ ነው ልጄ፣ አሳው ያልቃል" አሉኝ። ፍልስፍናዬ እዚያው አበቃ።

አሳው መጣ። ቆሮሶ ነው፣ ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ጭራው ከሳህኑ ወጥቷል፣ ሎሚና ዳጣ ከጎኑ። ቆሮሶ ለሐይቁ መጤ ነው፣ ሰው ነው አምጥቶ የጨመረው። "መጤ" የሚለው፣ አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ቀን የፈጀንበት ቃል፣ ሳህኔ ላይ ተጠብሶ ቀረበ ማለት ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። ከሳቄ ጋር ፎቶ አነሳሁት፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ለታላቄ ላከው። ምንም ቃል የለበትም። አሳ ብቻ።

ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ የማትሪክ ውጤት የምጠብቅ ነው የሚመስለው። እማማ አይተውኝ "አብሽሪ" አሉ፣ ምን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ።

አሳው አጥንት ብቻ ሲቀር መልስ መጣ።

"በጾም?"

የነቢያት ጾም ነው እንግዲህ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ቃሏ ይቺው ናት፣ ከነጥያቄ ምልክቷ። ሌሊቱን ረጅም መልስ ስጽፍ ስሰርዝ አደርኩ። አሳ ይበላል የሚሉ አሉ፣ አይበላም የሚሉ አሉ፣ እናታችን ራሷ ትበላ ነበር፣ አንቺ ደግሞ መቼ ነው... ሰረዝኩት። ግድግዳ ላይ "መደማመጥ" ብላ የለጠፈችው ሴትዮ ናት እንግዲህ ይኼን የምትጽፈው።

አሁንም ስልኬ ፊቴ ነው። አሳ ለጾም ይበላል ብዬ ከተከራከርኩ ሌላ ሁለት ዓመት መቃጠሌ ነው። "ይቅርታ" ብዬ ብልክላት ደግሞ፣ ስለ አሳው ነው የሚመስላት።