ጭራቅ ገዳዩ የማራቸው

ዛሬ የዋልኩት በአሜሪካ፣ በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና፣ ናቫሆ በተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ምድር፣ ካንየን ደ ሼይ በተባለው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከሸለቆው ወለል ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ የተመዘዘው ቀይ የዓለት ምሰሶ፣ በአፈ ታሪካቸው ሽመናን ያስተማረችው የሸረሪት ሴት መኖሪያ ሲሆን፣ ወላጆች አናቱ ላይ የሚታየውን ነጣ ያለ ድንጋይ ለልጆቻቸው እያሳዩ «እሷ የወሰደቻቸው እንቢተኛ ልጆች አጥንት ነው» ይሏቸዋል። ናቫሆው አስጎብኚያችን ይህን እየሳቀ ነገረን፤ በተረታቸው ስላለው ተንኮለኛ ተኩላ መሰል አውሬ፣ ስለ ካዮቴ፣ ስንጠይቀው ግን፣ የእሱ ተረት የሚወራው እባብና ድብ በተኙበት የብርድ ወራት ብቻ ነው ብሎ በትሕትና አለፈን። ክልከላው ደስ አለኝ፤ ለማንም በማንኛውም ሰዓት የማይሸጥ ታሪክ ዛሬ ብርቅ ነው።

ከፍጥረት ታሪካቸው ሁሉ አእምሮዬን የያዘው ግን የፀሐይ መንታ ልጆች ታሪክ ነው። ታላቁ፣ ጭራቅ ገዳዩ፣ ሰው የሚበሉትን ጭራቆች ከጨረሰ በኋላ ረሃብን፣ ድህነትንና እርጅናን ሊገድል ይነሣል፤ እነርሱም ተራ በተራ ይሟገቱታል። ረሃብ «እኔ ከሞትኩ ሰዎች የምግብን ጣዕም ያጣሉ፤ አድነውና አብስለው የመብላት ደስታም ይቀርባቸዋል» ይለዋል። ድህነት ደግሞ ልብስ ካላለቀ አዲስ የሚሠራ እንደማይኖር ያስረዳዋል። የእርጅና ክርክር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሚያረጅ ከሌለ ትውልድ ባለበት ይቆማል ትላለች። ጀግናውም መሣሪያውን አውርዶ ሁሉንም ይምራቸዋል።