ከመልካ ቁንጡሬ እስከ ጢያ፣ አሮጌ ካሜራ አንግቶ

ፕላኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁትም በፀሐይዋ ነው። ወፍ በጠዋት፣ ውቅር ቤተ ክርስቲያን በቀትር፣ ትክል ድንጋይ አመሻሽ ላይ። አንዱ ጓደኛዬ መልእክቱን አንብቦ የመለሰልኝ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ክትፎውስ በስንት ሰዓት ነው?»

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የምውል የቢሮ ሰው ነኝ። ካሜራዬ ሰው የተገለገለበት ነው፤ ሌንሱ ዙም ሲደረግ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ግን ቅዳሜ ሲደርስ እሱን አንግቼ ከከተማ ካልወጣሁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም።

ጥቅምት ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሦስት ሆነን ገና ሳይነጋ ተነሳን። ዓለም ገናን አልፈን በቡታጅራ መንገድ ወደ ደቡብ ተጠመዘዝን። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን አዋሽ ድልድይ ላይ ደረስን።

እዚህ ያለው አዋሽ አፋር ላይ የምናውቀው አዋሽ አይደለም። ገና ልጅ ነው። ዳር ዳሩ ጭቃ፣ መሃሉ ድንጋይ። መኪናዋን አቁመን ገና በሩን ሳንከፍት ጩኸቱ ተቀበለን። ጋጋኖ! አዲስ አበባ ውስጥ በጠዋት ጣሪያ ላይ እየጮኸ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን ወፍ ነው፤ ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፁን ያውቀዋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እንደማይገኝ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ስድስት ነበሩ። በሆዴ ጭቃው ላይ ተኛሁ። ጋጋኖ በዓይን ሲታይ ቡናማ፣ ደብዛዛ ወፍ ነው። በሌንስ ሲቀርብ ሌላ ነው። ከአገጩ ስር ቀጭን የቆዳ ዘለላ ይንጠለጠላል፤ ሲራመድ ይወዛወዛል። ያን ረጅም ቆልማማ መንቆሩን እስከ ዓይኑ ድረስ ጭቃ ውስጥ ይከታል፣ ያዳምጥ ይመስል ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ትል ይዞ ብቅ ይላል። ሲበር ደግሞ ክንፉ ላይ ነጭ ይገለጣል። እኔ የፈለግኩት ያንን ነጭ ነበር። ሹተሩን አፈጠንኩ፣ ጠበቅኩ። አንድ እረኛ ልጅ ከኋላዬ በጎቹን እየነዳ መጣና ስድስቱም ብድግ አሉ። ዘጠኝ ፎቶ አነሳሁ። ስምንቱ ጭራ ነው።

ወፎቹ ሲሄዱ የቀረኝ ጭቃው ነበርና እሱን አነሳሁ። የጋጋኖው ጣቶች አሉ። የበሬ ኮቴ አለ። የእረኛው ባዶ እግርም አለ፤ አምስቱም ጣት ይቆጠራል፣ አውራ ጣቱ ጠለቅ ብሏል፣ ሊያንሸራትተው ነበር መሰለኝ። ፎቶውን ያነሳሁት ብርሃኑ ስላማረኝ ነው እንጂ ምንም አስቤ አልነበረም።

ከዚያ እዚያው ካለው የመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ ሙዚየም ገባን። የሣር ክዳን ያላቸው ክብ ቤቶች ናቸው። መልካ ቁንጡሬን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው የጥንት ቅሪት አጥኚ አይደለም፤ ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963። እንደኔ ላለው አማተር ደስ የሚል ወሬ ነው። ቦታው ከአጎራባቹ ባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አስጎብኚው ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚያስረዳው። ጎምቦሬ በሚባለው ቁፋሮ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ጭቃ ላይ የእግር አሻራ እንደተገኘ ነገረን። የትልቅ ሰውም፣ የሕፃንም። አንድ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ከታላላቆቻቸው ጋር ውሃው ዳር ነበሩ። እዚያው ጎን የወፍ፣ የቀንድ ከብት ዘመዶችና የጉማሬ ኮቴ። ከዚያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ሁሉንም ሸፈነው።

ወጥቼ የጠዋቱን ፎቶ ካሜራው ስክሪን ላይ ደግሜ አየሁት። ጉማሬው ብቻ ነው የጎደለው።

አካባቢው በባልጩት ስባሪ የተሞላ ነው። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ። ኢያሱ የእስራኤልን ልጆች በባልጩት ገረዘ ሲባል እሰማ ነበር፤ ስለቱ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ግን ጣቴን ሲቆርጠኝ ነው። ሳይሰማኝ ነው የደማሁት። የክትፎው ጓደኛዬ ደግሞ አንዷን ስባሪ ቀስ ብሎ ኪሱ ከተታት። አስጎብኚው ዞር እንኳ ሳይል፣ «ወንድሜ፣ ያቺ ድንጋይ እዚህ ከቆየች ስንት መቶ ሺህ ዓመቷ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ብታድር ትደነግጣለች» አለው። መለሳት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ «ሌባው» እያልን ጠራነው።

ከድልድዩ ማዶ ወደ ምዕራብ ታጥፈን አዳዲ ማርያም ደረስን። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለች ናት። አሠሯት የሚባሉት ንጉሥ ላሊበላ ናቸው፤ የአገሬው ሰው የሚነግረንም ይህንኑ ነው። ስለ ውበቷ ብዙ ማለት ይቻላል፣ እኔ ግን ካሜራዬን ይዤ ዘው ልል ስል አንድ ቄስ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ተሳለም። ፎቶው ይደርሳል።» አፈርኩ። ጫማዬን አውልቄ ተሳለምኩ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ነውር ነው። በመስኮቷ የምትገባዋን አንዲት ዘንግ ብርሃን ብቻ አንስቼ ወጣሁ።

ክትፎው ተበላ። ስለሱ አልጽፍም፤ የሚያስቀና ነገር መጻፍ ጥሩ አይደለም።

ጢያ ስንደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። 36 ድንጋይ፤ 32ቱ ምስል የተቀረጸባቸው። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይለው ነበር፤ ቁፋሮው የሚያሳየው ግን ከግራኝ ዘመን በፊት የነበረ የመቃብር ቦታ መሆኑን ነው። ድንጋዮቹ ላይ ጎራዴ አለ፣ ክብ ክብ ምልክት አለ፣ ቅጠል የሚመስልም አለ። ጎራዴው ሟቹ የገደላቸውን ሰዎች ይቆጥራል ይባላል። ቅጠሉ እንሰት ነው የሚሉም አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ።

ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። በዚያ ብርሃን ጎራዴው ሁሉ ተድጧል፤ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ነው። መጠበቅ ነበረብኝ። ጓደኞቼ ጥላ ስር ጋደም አሉ። እኔ በአጥሩ ጥግ ጥግ ወረድኩ።

ከአንድ ግቢ አጥር ላይ እንዶድ ተጠምጥሟል። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ለበሽታው መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት ተክል ነው። እሱን ሳነሳ ከአጥሩ ማዶ አንዲት እናት ቀና አሉ።

«ምን እያነሳህ ነው?»

«ቅጠሉን ነው፣ እማማ።»

«ቅጠል ፎቶ ይነሳል እንዴ?»

ሳቁና ግቢ አስገቡኝ። ጤና አዳም ከቤቱ ደጃፍ፣ ግራዋ ከጓሮ፣ ዳማከሴ ከውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ። ዳማከሴው ላይ ተንበረከክኩ። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ተሸርፏል፣ ላዩ ላይ ደቃቅ ፀጉር አለው። በቅርበት ሳነሳው ፀጉሩ በፀሐይ በራ። በጣም ተደሰትኩ። እማማ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ፎቶው ምን ያደርግልሃል? ምች ሲመታህ ፎቶ ትጠጣለህ?» ቅጠሉን ቀነጠሱ፣ በመዳፋቸው መሃል አሹት፣ እጄን ይዘው ጣቶቼ ላይ ጨመቁት። «አሽትተው።»

ልጅነቴ ተመለሰ። ትኩሳት፣ ብርድ ልብስ፣ ግንባሬ ላይ የሚፈስ አረንጓዴ ጭማቂ፣ ቡና ውስጥ ጠብ የምትል መራራ ነገር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። በየስልኩ የቅጠል ፎቶ ለጥፈው «ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለደም ግፊት» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ስንት ቅጠል ስንት ቅጠል ይመስላል! ኮሶ እንኳ ዛፉ እርግጥ ሆኖ መጠኑ ሲያልፍ ይጎዳል። እማማ ፎቶ አይተው ቅጠል አይቀቅሉም።

አንድ እፍኝ ቆርጠው ሰጡኝ፤ «ለእናትህ» ብለው። አመስግኜ ስወጣ ብርሃኑ ወርዶ አየሁ። ሮጥኩ። ዳማከሴውን እሮጣለሁ ብዬ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፤ እዚያው ቀረ።

ጎራዴዎቹ ተነስተዋል! ብርሃኑ በጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ጠርዝ የራሱን ጥላ ይጥላል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ልሙጥ የነበረው ድንጋይ ላይ አራት ጎራዴ ቆጠርኩ። ሦስት ፎቶ አነሳሁ፣ አራተኛው ላይ ባትሪው ሞተ። ቀኑን ሙሉ የጋጋኖ ጭራ ሳነሳ ጨርሼዋለሁ። የቀረውን በስልክ አነሳሁት። «ሌባው» ሳቀብኝ፤ የሚገባኝ ነው።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ አልተኛችም። ባትሪውን ሰክቼ የዳማከሴውን ፎቶ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው። አቀረበችው፣ አራቀችው።

«ዳማከሴ ነው፣ እማዬ።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ሌላም ሊሆን ይችላል።»

አጉልቼ ፀጉሩን አሳየኋት። መጋዙን አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች። ልትመልስልኝ ካሜራውን ስታነሳ ግን መሃል ላይ ቆመች። ማንገቻውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ቀጥሎ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አሸተተች።

«ዳማከሴ ነው» አለች። «የታለ?»