ምታጽሚንዳ ላይ ያሉ ሁለት መቃብሮች

ባለፈው ሳምንት ለሥራ የጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ በነበርሁበት ጊዜ ግማሽ ቀን ስለተረፈኝ፣ ከመሃል ከተማው ሽቅብ በሚያስወጣው ጠባብ መንገድ እያለከለክሁ ምታጽሚንዳ ተራራ ወገብ ላይ ወደተሠራው የቅዱስ ዳዊት ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። በግቢው ውስጥ ጆርጂያውያን ፓንቴዮን የሚሉት የታላላቅ ሰዎቻቸው መካነ መቃብር አለ። ላየው የሄድሁት የአንድ ሰው መቃብር ነበር፤ በሶቪየት መንግሥት ላይ የሸፈተው የካይኾስሮ ቾሎቃሽቪሊ፣ አገሩ ሁሉ በቁልምጫ ካኩጻ የሚለው። እሱን ፍለጋ ስዞር ግን ሳላስበው የስታሊን እናት የኬኬ ገላዜ መቃብር ዘንድ ደረስሁ። እሷ በ1937 ሞታ እዚያው ተቀበረች (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ የካኩጻ አፅም ከፈረንሳይ መጥቶ በዚያ ተራራ ያረፈው በ2005 ነው። ልጇ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበት መንግሥት ያሳደደው ሰው እና እናቲቱ በአንድ ግቢ ውስጥ መተኛታቸው ማታ እንቅልፍ ስለነሣኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ካኩጻ በ1888 በወይን አገሩ በካኼቲ፣ ማታኒ በምትባል መንደር ከመሳፍንት ቤት ተወለደ። የቤቱ ስም ራሱ ሸክም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሶች ካኼቲን በያዙ ጊዜ ካመፁት መሪዎች አንዱ ቢድዚና ቾሎቃሽቪሊ ነበር፤ ተሠቃይቶ ተገድሏል፤ የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያንም በሰማዕትነት ታስበዋለች። ይሁን እንጂ ካኩጻ ሲወለድ አገሩ ከ1801 ጀምሮ የሩሲያ ግዛት ስለነበረ፣ የመሳፍንት ልጅ ሁሉ እንደሚሆነው እሱም የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዛር ፈረሰኛ መኮንን ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኦስትሪያ ጦር ጋር ተዋግቶ ቆሰለ፤ ቀጥሎም በሳሪካሚሽ ከኦቶማኖች ጋር ተዋጋ፤ ከዚያ ወደ ፋርስ ዘመተ። ኋላ ለአገሩ ነፃነት ያዋለውን የውጊያ ሙያ በሙሉ የተማረው ለዛር ሲዋጋ ነው፤ ይህን እንደ ነውር የሚቆጥሩበት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ከየት ያመጣ ነበር እላለሁ።

ጆርጂያ ግንቦት 26 ቀን 1918 ነፃነቷን አወጀች። ሶቪየት ሩሲያ በግንቦት 1920 ሞስኮ ላይ በተፈረመ ውል ይህን ነፃነት አውቃ ተቀበለች፤ ውሉ የጸናው ግን ለአንድ እርግዝና ያህል ጊዜ ነው፤ በየካቲት 1921 ቀይ ጦር ድንበሩን ተሻግሮ በዚያው ወር በ25 ትብሊሲ ገባ። ካኩጻ በ1922 ከተማማሉ ጓዶቹ ጋር መሣሪያ አንሥቶ ሸፈተ፤ በኼቭሱሬቲ ተራሮች ተዋጋ፤ ሲገፉትም ወደ ቼቼኒያ ተሻገረ። መንግሥቱ ወንበዴ ይለው ነበር። የእኛ «ሸፈተ» ግን ወንበዴውንም፣ በደል አንገፍግፎት ዱር የገባውንም ስለሚያቅፍ፣ ስለ እሱ ስጽፍ ከማንኛውም ቃል ይልቅ ይመቸኛል።

ደጋግሜ የማስበው የ1924ቱን ነሐሴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ መስፍንና ጄኔራል የነበረው ኮቴ አብኻዚ ያለበት የምስጢር ወታደራዊ ማዕከል ተጋልጦ አሥራ አምስት ሰዎች ተረሽነዋል፤ ማለትም የውስጥ አርበኞቹ ቼካ የሚባለው የሶቪየት የምስጢር ፖሊስ ምን ያህል እንደተጠጋቸው ያውቁ ነበር። ሆኖም ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ በኅቡዕ ያቋቋሙት የነፃነት ኮሚቴ አመፁን ለነሐሴ 29 ቀጠረ። ቀኑ ሳይደርስ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ከዋናዎቹ አንዱ ቫሊኮ ጁጌሊ ተያዘ። ቼካ ዕቅዱን እንደደረሰበት በእስር ቤት ሲረዳ፣ እንዲተዉት ለጓዶቹ መልእክት ላከ። መልእክቱ ደረሳቸው፤ እነሱ ግን የቼካ ወጥመድ ነው ብለው አላመኑትም። ከወህኒ ቤት የወጣ ደብዳቤ እጄ ቢገባ እኔስ አምነው ነበር? አይመስለኝም። ቼካ ያሸነፈው ምናልባት ያን ጊዜ፣ እውነተኛው ቃል ከሐሰተኛው እንዳይለይ አድርጎ ነው።

በማንጋኒዝ ማዕድኗ የምትታወቀው ቺያቱራ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማ በ28 ተነሣች። ስለዚህ ካኩጻ በማግስቱ ማንግሊሲ የሚገኘውን የጦር ሰፈር ሲመታ ድንገተኛነቱ አልቆ ነበር፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ኋላም ዱሼቲን ያዘ፣ ሊያቆያት ግን አልቻለም። በመጨረሻ ከተረፉት ጥቂት ጓዶቹ ጋር ወደ ቱርክ አለፈ። በኋላው የቀሩት በሺዎች ተረሸኑ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ጠመንጃ ጨርሶ ያልነኩ መሳፍንት፣ ካህናትና ተማሪዎች ነበሩ። ያስረሸኗቸው ሰዎች ደግሞ ከሩቅ የመጡ አልነበሩም፤ የካውካሱ አለቃ ሰርጎ ኦርጆኒኪዜ የምዕራብ ጆርጂያዋ የኢሜሬቲ ልጅ ነው፣ በጆርጂያ ቼካ ውስጥ ከፍ ያለው ቤሪያም የአገሩ ሰው ነው፤ ሞስኮ ያለው ስታሊን የጆርጂያዋ ከተማ የጎሪ ልጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

እኔ ካኩጻን በማንግሊሲ አልወቅሰውም፤ ቀኑን የቆረጠው ኮሚቴው ነው፤ እሱ የተጠራ ወታደር ነበር። ነገር ግን ድንበሩን ተሻግሮ ሲሄድ ቤተሰቡ በጠላቶቹ እጅ መቅረቱን ሳስብ፣ ጀግንነቱን ሳላንኳስስ፣ የዚያን ጀግንነት ዋጋ ከሁሉ አብልጠው የከፈሉት እነማን እንደሆኑ እያሰብሁ እታወካለሁ። ይህን ያልሁት ዛሬ፣ በሞቀ ሆቴል ተቀምጬ መሆኑንም አልረሳም። እሱ ራሱ ረጅም ዕድሜ አላገኘም፤ በ1930 ገና አርባ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፈረንሳይ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ከጊዜ በኋላም ስደተኛ ወገኖቹ በተሰበሰቡባት፣ ከፓሪስ ብዙም በማትርቀው በለቪል ተቀበረ።

ጠዋት ከሆቴሉ አጠገብ ያለች የምንዛሪ ቤት ሠራተኛ የሁለት መቶ ላሪ ኖት እንድትሰጠኝ ስጠይቃት ግራ ተጋብታ ከመሳቢያዋ ሥር ፈልጋ አወጣችልኝ። ፊቱ ላይ ካኩጻ አለ፤ ጀርባው ላይ ሶኹሚ፣ ከ1993 ወዲህ ትብሊሲ የማታዛት የባሕር ዳር ከተማ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰኝ ሽማግሌ ሹፌር ኖቱን ስዘረጋለት መልስ እንደሌለው በእጁ ምልክት ነገረኝ፤ ከዚያ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ አየውና «ካኩጻ» አለ። እኔም «ካኩጻ» አልሁት። ሌላ የምንግባባበት ቃል ስላልነበረን በዝርዝር ከፍዬው ወረድሁ።