«ሳቂ»

እናቴ ያረፈች ሰሞን ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁር ሻሽ አስሬ ከለቅሶ ቤት ወደ ጎንደር፣ አዘዞ ተመለስኩ። የስድስት ዓመቱ ልጄ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መልሶ መንገዱን ያይ ጀመር። «የኔ ጌታ» ስለው ዞረ፤ ድምፄን አመነ፣ ሴትዮዋን ግን አላመናትም። ለካ እስከዚያን ቀን የሚያውቀኝ በሹሩባዬ ኖሯል።

ኦቲዝም የሚባለው፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ እንዳለበት ካወቅን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ዘመዶች «ኩራተኛ ነው፣ ሰላም አይልም» ሲሉ እኔም አፍር ነበር። ማክሰኞ በቀይ ሹራብ ያያት አክስቱ እሑድ ነጠላ ለብሳ ስትመጣ ለእሱ ሌላ ሰው ናት። (ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ ፊት ለይቶ የሚያውቅ ብዙ አለ።)

መጀመሪያ አገጩን ይዤ «ዓይኔን እየኝ» እለው ነበር። ይጮሃል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ ግን ጣራው ላይ የተሳሉትን መላእክት፣ ያን ሁሉ ትልልቅ ዓይን፣ አንገቱ እስኪዝል አንጋጦ ያያል። የተሳለ ዓይን አይንቀሳቀስም፣ መልስም አይጠብቅም። አገጩን መያዝ ያኔ ተውኩ።

ቀጥሎ ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄጄ የቤተሰቡን ፎቶ አሳጠብኩ። በሁለት ሳምንት ሁሉንም በስማቸው ጠራ፤ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አጎቱ በአካል ሲመጣ ግን አላወቀውም። ያጠናው ከአጎቱ ጀርባ ያለውን ሰማያዊ በር ነበር! እንደገና አሳጠብኩ፤ ለአንድ ሰው አምስት አምስት ፎቶ፣ በተለያየ ልብስ፣ ፀጉሩንና ጀርባውን በመቀስ ቆርጬ።

አማቴ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው፤ እሳቸውን በአንድ ቀን ለያቸው። በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ከምትሸጥ ባለንቅሳት ሴት አንገት ላይ ተጠመጠመ። ሴትዮዋ ሳመችው፣ እኔ ግን እግሬ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሁሉ ከመሳሙ በፊት ማንነቱን ይናገራል። አማቴ «ለልጅ ልጄ ማን ነኝ ልበለው?» ብለው ተቀይመው ነበር፤ አሁን ከአጥሩ ጀምረው «አያትህ ነኝ» እያሉ ይገባሉ።

ቲሞቲ ላንግዴል የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1978 ያወጣውን ጥናት ያነበብኩት በኋላ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ትንንሽ ልጆች የሚያውቋቸውን ልጆች ፎቶ ከታችኛው የፊት ክፍል፣ ከአፍ አካባቢ፣ ከሌሎች ልጆች በተሻለ ይለዩ ነበር። እኔ ደግሞ ጥርሴ ፍንጭት ነው። ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆመን እስቅለታለሁ፤ ፍንጭቴን በጣቱ ይነካል።

ዘንድሮ ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ሄድን። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ በግፊያው መሐል እጁ ከእጄ ወጣ። ሳገኘው ከእኔ አምስት እርምጃ ርቆ የአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ ይዟል። ቀና ብሎ «ሳቂ» አላት። ግራ ገብቷት ሳቀች። ጥርሷን አየና ነጠላዋን ለቀቀ።