ዛሬ ዓይኔን በመስታወት ሳይ ዋልኩ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የዓይኔ ነጩ ቢጫ መሰለኝ። ደጅ ወጥቼ በፀሐይ፣ በስልኬ ካሜራ ደግሜ አየሁት። ባለቤቴን ጠራኋት። «ደፍርሷል እንጂ ቢጫስ አይደለም» አለችኝ፣ ግን ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

አረቄ ካቆምኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ግን ወደ አሥር ዓመት እዚሁ ቡሬ ከሥራ ወጥቼ መለኪያ ሳልጨብጥ ቤቴ የገባሁበት ቀን ጥቂት ነው። ሰሞኑን ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይከብደኛል፣ ድካሙ አልለቅ አለኝ፣ ሽንቴም ጠቁሯል። ጉበት ደግሞ ብዙ እስኪጎዳ ድረስ ዝም ይላል፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እናቴ በስልክ «የወፍ በሽታ ነው ልጄ፣ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው አለ» አለችኝ። እሺ አላልኳትም። የማላውቀው ቅጠል የተጎዳ ጉበት ላይ ሌላ ጉዳት እንዳይጨምር ፈራሁ።

ከሰዓት ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ስንት እጠጣ እንደነበር ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት፤ ሳልቀንስ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ አየ፣ እብጠት እንዳለው ለማወቅ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ እኔ ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓድ ይቀር እንደሆነ ትንፋሼን ይዤ ሳይ ነበር። አልቀረም። የደም ምርመራ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ አልትራሳውንድም አዘዘልኝ። ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ መጠጥ ሲቆም ብዙ ጊዜ እንደሚመለስ፣ ጠባሳው ከበዛ ግን እንደሚከብድ ነገረኝ።

ውጤቱ ነገ ነው። ባለቤቴ አብሬህ እሄዳለሁ ብላ ነጠላዋን ካሁኑ አጥባ አስጥታዋለች።